ከራሴ በላይ ያለፉ ላሞች

ሮም ውስጥ የምንከባከባቸው አሮጊት ሲኞራዬ በተቀበሩ ማግስት የልጅ ልጃቸው ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «ከቤቱ አንድ ነገር ምረጪ፣ ለማስታወሻ» አለኝ። ስድስት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። የትኛው መሳቢያ እንደሚጮህ፣ የትኛው መስኮት ዝናብ እንደሚያስገባ አውቃለሁ። ግን አፈርኩ። እንባም አነቀኝ። እጄ አጠገብ የነበረውን አነሳሁ። ሞካዋን። በየጠዋቱ ቡናቸውን የማፈላባትን ትንሿን የአሉሚኒየም ማፍያ።

«እሷን ብቻ?» አለኝ።

«እሷ ትበቃኛለች» አልኩት።

ሞካዋ ዛሬም ምድጃዬ ላይ ናት። ያን ቀን ሻንጣዬን እየጎተትኩ በኮሪደሩ ሳልፍ ግን ግድግዳው ላይ ትቼው የወጣሁት ሥዕል ነበር። ቤቱ ተሸጠ። ዕቃው ለዘመድና ለነጋዴ ተከፋፈለ። ሥዕሉ የት እንደደረሰ ጠይቄም አላውቅም። አራት ዓመት ሆነው፤ አሁንም ቡና ባፈላሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። የእኔው ደግሞ እውነትም ከመዳብ የመጣ ነበር።

## የኮሪደሩ ሥዕል

ኮሪደሩ ረጅምና ጨለም ያለ ነው። ሥዕሉ የተሰቀለው ከመኝታ ቤታቸው በር ፊት ለፊት ነበር። ጥቁርና ነጭ፣ ወርዱ ከግማሽ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ። ወረቀቱ ከእርጅና ብዛት የሻይ ቀለም ይዟል። ዓርብ ዓርብ መስታወቱን እወለውለዋለሁ። ለእኔ የገጠር ሥዕል ነበር። ሰፊ ሜዳ፣ ላሞች፣ ጋሪ፣ መሃሉን ሰንጥቀው የሚሄዱ ሁለት ረድፍ ዛፎች። ዳር ዳሩን የፈራረሰ ግንብ አለ። ግንቡን ልብ ብዬው አላውቅም። ላሞቹን ግን እወዳቸው ነበር። ከብት ባለበት ቤት ነው ያደግሁት፤ ይህን የሠራ ሰው ላም ስትቆም አይቷል እል ነበር በልቤ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ክረምት ሲኞራ መታጠቢያ ቤት ወደቁና ዳሌያቸው ተጎዳ። ከሆስፒታል ሲወጡ በቀን አሥር ጊዜ ኮሪደሩን እንዲመላለሱ ታዘዙ። እኔ ክንዳቸውን እይዛለሁ፣ እሳቸው ይቆጥራሉ። አምስት ላይ ሲደርሱ ይደክማቸዋል። ማረፊያ ወንበር ያደረግንላቸው ቦታ ሥዕሉ ፊት ስለነበር፣ ሳንፈልግም ፊት ለፊቱ መቀመጥ ጀመርን።

ሲኞራ ላቲንና ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። አንድ ቀን አጉሊ መነጽራቸውን እንዳመጣ ላኩኝ።

«ይህን ቦታ ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

«አላውቀውም ሲኞራ። የት አገር ነው?»

ዝም ብለው አዩኝ። «ሐሙስ ሐሙስ ስትወጪ በአውቶቡስ የምታልፊበት ነው። ፎሮ ሮማኖ ነው፣ የጥንቷ ሮም አደባባይ።»

አላመንኳቸውም። ፎሮውን ከካፒቶል ኮረብታ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣብኝ እዚያ ነው የምወስደው። ዛፍ የተሰደረበት መንገድ የለውም። ላም የለውም። እሳቸው ግን በመነጽሩ አንድ ቅስት አሳዩኝ። የንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ የድል ቅስት ነው አሉኝ፣ በ203 የቆመው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

«እሱማ ረጅም ነው» አልኳቸው። «ይሄ አጭር ነው።»

እውነቴን ነበር። የማውቀው ቅስት ቁመቱ ሃያ ሜትር ያልፋል፤ ሥሩ የሚቆም ሰው ጉንዳን ያህላል። በሥዕሉ ላይ ያለው ግን ወገቡ ድረስ ወንዝ ውስጥ የገባ ሰው ይመስላል። እግር የለውም።

«ቅስቱ አላጠረም ልጄ» አሉኝ። «መሬቱ ነው ከፍ ያለው።»

## የማን ተራ ነው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስተኛው ዙር ላይ ሥራ ያዝን። ሮም ከወደቀች በኋላ የቴቬሬ ወንዝ በየጊዜው እየሞላ ጭቃውን እንዳመጣ፣ ሕንፃ ሲፈርስ ፍርስራሹ እዚያው እንደቀረ፣ በላዩም ሌላ እንደተሠራ፣ በዚህ ሁኔታ መሬቱ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ብዙ ሜትር እንዳደገ ነገሩኝ። የቄሳሮች አደባባይ ከሥር ተቀበረ። በላዩ ላይ ሣር በቀለ። ሰዉም ስሙን ረሳና ካምፖ ቫቺኖ አለው፣ የከብት ሜዳ። የከብት ገበያ ይቆምበት ነበር።

ከሥዕሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ዝርዝር አለ። ቁጥር አንድ ይህ ቅስት፣ ቁጥር ሁለት ያ ቤተ ክርስቲያን፣ እያለ ይሄዳል። በየቀኑ አንድ መስመር ያስነብቡኛል። ጣልያንኛ መናገር የለመድኩት ገበያ ነው፤ ማንበብ ግን እዚያ ወንበር አጠገብ ቆሜ ነው የተማርኩት።

ንባቡ ሲያልቅ ወደ ትንንሾቹ ሰዎች እንዞራለን። ያለ መነጽር የዝንብ ጠብታ ነው የሚመስሉት። በመነጽሩ ግን ልብሳቸው የተቦጫጨቀ፣ እጃቸውን የሚያወናጭፉ ሰዎች ናቸው። አንዱ የወደቀ ድንጋይ ተደግፏል። አንዱ ክንዱን ዘርግቶ ለጓደኛው የሆነ ነገር ያሳያል። «ዛሬ የማን ተራ ነው?» ይሉኛል ሲኞራ። አንዱን እመርጣለሁ። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደበላ፣ ማታ የት እንደሚያድር እየተቀባበልን እናወራለን። አንድ ትልቅ ክብ ገንዳም ነበር፣ ከብት የሚጠጣበት። እሱ ዘንድ ሲደርሱ ይቆያሉ።

መነጽሩን መስታወቱ ላይ ማስደገፍ ልማዳቸው ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ አንዲት ክብ ምልክት ትቀራለች። ዓርብ ዓርብ በጨርቅ አጠፋታለሁ።

## አርክቴክት

ሥዕሉን የሠራው ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔዚ ይባላል። በ1720 በቬኒስ አቅራቢያ ተወለደ። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። አጎቱ ደግሞ የቬኒስን የውሃና የባሕር ግንብ ሥራ ከሚመሩት አንዱ ነበር። ልጁ በድንጋይና በውሃ መካከል አደገ ማለት ነው። በ1740፣ በሃያ ዓመቱ፣ ከቬኒስ አምባሳደር ጓዝ ጋር ንድፍ አንሺ ሆኖ ሮም ገባ። እሱም ለሮም መጤ ነበር።

የተማረው አርክቴክቸር ነው፤ የሚያሠራው ሰው ግን አጣ። እንጀራ ያገኘው ከመዳብ ላይ ነው። የመዳብ ሥዕል አሠራር ተማረና የሮምን ዕይታዎች እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ደንበኞቹ በብዛት ከሰሜን አውሮፓ ለጉብኝት የሚመጡ የሀብታም ልጆች ነበሩ። ወረቀቱን ጠቅልለው ይዘውት ይሄዳሉ። ከ1740ዎቹ መጨረሻ አንስቶ በ1778 እስከሞተበት ድረስ የሮም ዕይታዎች ብሎ የሠራቸው ብቻ 135 ናቸው። ሌላው ሥራው ብዙ መቶ ነው።

አርክቴክት ሆኖ የሠራው አቬንቲኖ ኮረብታ ላይ ያለችውን የሳንታ ማሪያ ዴል ፕሪዮራቶን ቤተ ክርስቲያንና ፊት ለፊቷ ያለውን አደባባይ ነው፣ ከ1764 እስከ 1766። ሮም የኖረ ሰው ቦታውን ያውቀዋል። በበር ቁልፍ ቀዳዳ የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት ለማየት ሰው የሚሰለፍበት ነው። ፒራኔዚም የተቀበረው እዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

እኔን የያዘኝ ፊርማው ነው። ገና ምንም ሳይገነባ በ1743 ባወጣው የመጀመሪያ ሥራው ላይ «የቬኒስ አርክቴክት» ብሎ ጻፈ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ ቀጠለ። እኔ አገር ቤት የሒሳብ መዝገብ ያዥ ነበርኩ። እዚህ ፎርም ስሞላ «ሥራ» በሚለው ቦታ ባዳንቴ፣ የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ ብዬ እጽፋለሁ፤ የማላፍርበት ሥራዬ ነው። ግን እሱ ፊርማውን ሳይለውጥ መቆየቱን ሳስብ ደስ ይለኛል። ለምን ደስ እንደሚለኝ በደንብ ማስረዳት አልችልም።

## ብርቱ ውሃ

ሲኞራ ከሞቱ በኋላ ነገሩ አልለቅ ሲለኝ፣ ትራስቴቬሬ ውስጥ በጠባብ መንገድ ላይ ያለች አንዲት የኅትመት ሥራ ቤት በር አንኳኳሁ። በመስኮት ባየሁ ቁጥር የምትገርመኝ ነበረች። ባለቤቷ ስድሳውን ያለፈች ሴት ናት። ጥፍሯ ሥር ያለው ቀለም የሚለቅ አይመስልም። «ማየት ነው የምፈልገው» አልኳት። አስገባችኝ።

ጣልያኖች ይህን ሥራ አኳፎርቴ ይሉታል፣ ብርቱ ውሃ ማለት ነው። ብርቱው ውሃ አሲዱ ነው። ጠፍጣፋ የመዳብ ገበታ ተወልውሎ በስስ ሰም ይቀባል። ሰሙ በሻማ ጢስ ይጠቁራል። ሠዓሊው በመርፌ ሰሙን እየጫረ ይሥላል። በጥቁሩ ላይ ቀይ መዳብ ብልጭ ይላል። ከዚያ ገበታው አሲድ ውስጥ ይገባል። ሰሙ ያለበትን አሲዱ አይነካም። የተጫረውን ብቻ ይበላል። ሩቅ ያለው ሰማይ ቀጠን እንዲል ቶሎ ይወጣና በቫርኒሽ ይሸፈናል፤ ቅርብ ያለው ጥላ እንዲጠቁር ተመልሶ ይገባል። ፒራኔዚ አንዱን ገበታ ደጋግሞ እያስገባና እያወጣ ነው እነዚያን ጥቁር ጉድጓዶች ያገኘው።

ሴትዮዋ ገበታውን በቀለም ሞላችው፤ ከዚያ በሻሽ ጠረገችው፤ በመጨረሻ በመዳፏ ጎን ጠረገችው። ቀለሙ መስመሩ ውስጥ ብቻ ቀረ። እርጥብ ወረቀት አለበሰችውና በመሽከርከሪያው ሥር አሳለፈችው። ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ከጥግ ይዛ ስታነሳው ትንሽ የመላቀቅ ድምፅ ተሰማኝ። እንጀራ ከምጣድ ሲነሳ እንዳለው ዓይነት። ሥዕሉ ከገበታው ተገልብጦ ወጣ። ያኔ ነው የገባኝ፦ ሲኞራ መስመር በመስመር ያስነበቡኝን ያንን ደቃቅ ጽሑፍ ሁሉ ሰውየው መዳቡ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ገልብጦ ነው የጻፈው።

«ብትሳሳቺስ?» አልኳት።

መፋቂያ ብረት አሳየችኝ። ሦስት ስለት አለው። መዳቡን ትፍቂያለሽ፤ በሌላ ብረት ታለሰልሺያለሽ፤ ጎድጉዶ ከቀረ ከጀርባው በመዶሻ ትመቺዋለሽ አለችኝ። ከዚያ የራሷን አንድ የተፋቀ ቦታ ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አሳየችኝ። የድሮው መስመር እንደ ጥላ ይታያል።

ይህን ስታሳየኝ ሲኞራ የነገሩኝ ታሪክ መጣብኝ። ፒራኔዚ በ1756 «የሮም ጥንታዊ ቅርሶች» የሚል ባለ አራት ቅጽ ትልቅ ሥራ አወጣ። ቻርለሞንት የሚባል የአየርላንድ ሎርድ ሊረዳው ቃል ገብቶለት ስለነበር መታሰቢያነቱን ለእሱ አድርጎ ስሙን መግቢያው ሥዕል ላይ፣ እንደ ጥንታዊ የድንጋይ ጽሑፍ አድርጎ ቀርጾት ነበር። ገንዘቡ አልመጣም። ለደብዳቤውም የሚረባ መልስ አላገኘም። ፒራኔዚ ገበታውን አውጥቶ የሰውየውን ስም ፋቀው። ሥራውን ለዘመኑ፣ ለመጪው ትውልድና ለሕዝብ ጥቅም ሰጠሁ ብሎ ጻፈ። በ1757 ደግሞ ደብዳቤዎቹን አሳትሞ በተነ። መሐሪ ሰው አልነበረም።

ሲኞራ ይህን ሲነግሩኝ ጣታቸው ቅስቱ ላይ ነበር። ሮማውያንም እንዲህ ያደርጉ ነበር አሉ። ያ ቅስት ሲቆም ንጉሠ ነገሥቱ ከሁለት ልጆቹ ጋር፣ ከካራካላና ከጄታ ጋር፣ ነበር የተጻፈበት። አባትየው ሲሞት ካራካላ ወንድሙን አስገደለውና ስሙን ከድንጋዩ አስፋቀው። በቦታው የውዳሴ ቃላት ተተኩ። የድሮዎቹ የነሐስ ፊደላት የተተከሉባቸው ቀዳዳዎች ግን ቀሩ። አራተኛው መስመር ላይ ዛሬም ይታያሉ። «አንድ እሑድ ወርደን እናያቸዋለን» ብለውኝ ነበር። እሑድ እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ከዚያ ከአበሾች ጋር እውላለሁ። ሳንሄድ ቀረን።

## በአየር ላይ ያለው በር

ከሥራ ቤቷ ከወጣሁ በኋላ የመጀመሪያው የወሩ እሑድ ላይ፣ መግቢያው በነጻ ሲሆን፣ ብቻዬን ወረድኩ። ከላይ ሆኖ ማየትና ወርዶ መቆም ለየቅል ነው። ቅስቱ ሥር ቆሜ በስልኬ አቅርቤ አራተኛውን መስመር ፈለግሁ። ቀዳዳዎቹን አየኋቸው። የመጣሁበት ጉዳይ አለቀ። ሰዉ ብዙ ነበር፤ ፀሐዩም ይፋጃል። ልወጣ ተነሳሁ።

ወደ መውጫው ስሄድ በግራዬ ትልልቅ ዓምዶች ያሉት ሕንፃ አለ። በ141 የተሠራ የአንቶኒኖስና የፋውስቲና መቅደስ ነው። በኋላ ዘመን ውስጡ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ጥላ ፍለጋ ቆምኩና ቀና አልኩ። ከዓምዶቹ ኋላ የቤተ ክርስቲያኑ በር አለ። ትልቅ በር ነው። ግን በአየር ላይ ነው። ሥሩ ደረጃ የለውም። ከእኔ ቁመት ሦስት እጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ከፍተው ቢወጡበት የሚረገጥ ነገር የለም።

መጀመሪያ እንግዳ ነገር ነው ብዬ ብቻ አየሁት። ቀጥሎ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ። በሩ ሲሠራ መሬቱ እዚያ ነበር። ሰው ከዚያ በር ወጥቶ ሣር ላይ ይረግጥ ነበር። የፒራኔዚ መሬት ያ ነው። ያ የተደገፈው ሰውዬ፣ ያ ክንዱን የዘረጋው፣ ጋሪው፣ ዛፎቹ፣ ሁሉም በዚያ ከፍታ ላይ ነበሩ። እኔ የቆምኩት ከእግራቸው ሥር፣ አፈሩ ውስጥ ነው። ላሞቹ ከራሴ በላይ አልፈዋል።

እናቴ የማይጨበጥ ተስፋ የሚያወራ ሰው ስትሰማ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ትላለች። እዚያ ቆሜ አንጋጥጬ የእናቴን ላም አየኋት። በእውነት ነው የምላችሁ። ከዓምዶቹ ወገብ ላይ፣ ከሰዉ ሁሉ ራስ በላይ፣ በባዶው አየር ውስጥ ቀስ እያለች ስትሄድ ታየችኝ። ሰዎች ይጋፉኛል፤ አንዷ ፎቶ እንዳነሳት ስልኳን ሰጠችኝ፤ አነሳኋት። እና ወዲያው ለሲኞራ እስክነግራቸው ቸኮልኩ። ከዚያ ማን እንደሌለ ትዝ አለኝ።

## ማን ምን አዳነ

በኋላ ከሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ማንበብ ጀመርኩ። ፒራኔዚ በቅርሶቹ መጽሐፍ መቅድም ላይ ለምን እንደሠራ ተናግሯል። የጥንቷ ሮም ቅሪት በየአትክልት ቦታውና በየእርሻው ተበትኖ ከቀን ወደ ቀን ሲያልቅ አየ። ግማሹን ዘመን ይበላዋል። ግማሹን ባለ መሬቶቹ ለአዲስ ግንባታ ድንጋዩን እያፈረሱ ይሸጡታል። ስለዚህ በኅትመት ልጠብቀው ብዬ ተነሳሁ ይላል። ለዚህ ብሎ መሠረት አስቆፍሯል፣ ለክቷል፣ መቃብር ውስጥ ገብቶ ሥሏል። ጥንታውያኑ ድንጋይ በምን ያነሱ እንደነበር እንኳ ሥሎ አሳይቷል። የሮም ሕንፃ ከግሪክ ያንሳል ካሉት ጋር እስከ ዕድሜው መጨረሻ ተከራክሯል፤ ያ ክርክር እኔን ብዙም አይስበኝም።

ያጋንናል የሚሉት አሉ። ጀርመናዊው ጸሐፊ ጎተ ሮም ሲመጣ ፍርስራሾቹን በፒራኔዚ ሥዕል ካሰበው በታች ሆነው ነው ያገኛቸው። ሲኞራም «ያጋንናል፣ ስለሚወድ ነው» ይሉ ነበር። ሰዎቹን ያሳንሳል፤ ድንጋዩን ያገዝፋል። እስማማለሁ። ግን የተቀበረውን ቅስት አጋነነው ብዬ ለዓመታት በልቤ የጠረጠርኩት እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት። በሩ ምስክር ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እሱ ነው ሌሊት የሚያባንነኝ። ፒራኔዚ ሊያድን የፈለገው ድንጋዩን ነው። ድንጋዩ ዳነ። በ1803 የሴቬረስን ቅስት ዙሪያ ቆፈሩ። ፈረንሳዮች ሮምን ሲይዙ ከ1809 እስከ 1814 ቁፋሮውን አሰፉት። በ1820ዎቹ መጀመሪያ የሌላውን ንጉሠ ነገሥት የቲቶን ቅስት ከተጣበቀበት ግንብ አላቅቀው ጎንና ጎኑን በአዲስ ድንጋይ ሞሉት። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ እስከታች ወረዱ። ዛሬ እኔ የማየውን የቅስቱን እግር ፒራኔዚ እንዲህ በሙሉ ቆሞ አላየውም። የቬስፓስያን መቅደስ ሦስት ዓምዶች በእሱ ዘመን ከመሬት ብቅ ያለው አናታቸው ብቻ ነበር፤ ሰው እጁን አንስቶ የሚነካቸው ያህል ቅርብ አድርጎ ሥሏቸዋል።

የጠፋው ሣሩ ነው። ሁለቱ ረድፍ ዛፎች፣ ገበያው፣ ጋሪው የሚሄድበት መንገድ፣ የከብቱ መጠጫ። ስንት መቶ ዓመት ሰው የኖረበት መሬት ተጭኖ ተወሰደ። ማንም እሱን ቅርስ አላለውም። የቀረው መዳቡ ላይ ነው። እነዚያ ልብሳቸው የተቦጫጨቀ ሰዎች ለመጠን ማሳያ ነው የተሣሉት ይላሉ አንዳንድ መጻሕፍት። ይሆናል። ግን ያለ እነሱ ያ መሬት ዛሬ ምስክር አይኖረውም ነበር።

እኛ አበሾች ይህን ነገር ከሌላው ትንሽ ቀድሞ ይገባን ይሆናል። ከፎሮው ወጥቼ በእግሬ ወደ ፖርታ ካፔና ሄድኩ፣ ቺርኮ ማሲሞ አጠገብ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር። በ2003 ፈታትተው አወረዱት፤ በ2005 አገሩ ገባ፤ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። እኔ ስመጣ አልደረስኩበትም። ከእኔ በፊት የመጡት ግን ቀጠሮ ሲይዙ አሁንም «ሐውልቱ ጋ» ይላሉ። ሐውልቱ ቤቱ በመግባቱ ደስታችን ነው። እዚያ ሥር ተቃጥረው የተገናኙት፣ ሥራ ያፈላለጉት፣ ደብዳቤ የተቀባበሉት ሰዎች ሐሙሶች ግን የትም አልተሣሉም።

## ገንዳው

የፒራኔዚ የመዳብ ገበታዎች አልጠፉም። ልጆቹ ወደ ፓሪስ ወስደዋቸው ነበር። በ1830ዎቹ መጨረሻ ጳጳሱ ገዝተው መለሷቸው። ዛሬ ሮም ውስጥ፣ ትሬቪ ፏፏቴ አጠገብ ባለው የመንግሥት የኅትመት ጥበብ ተቋም ነው ያሉት፣ ወደ ሺህ የሚጠጉ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ሌላ ቅጂ ግዢያ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ። ልክ ነው። ከአንድ መዳብ ብዙ ወረቀት ይወጣል። እኔ የተውኩት ግን መስታወቱ ላይ አንዲት ክብ ምልክት ያለችበትን ነው። ለሁለት መቶ ሳምንት ያህል በገዛ እጄ ያጠፋኋት፣ በማግስቱ ደግሞ ተመልሳ የምትመጣ። ሲኞራ የሞቱት ረቡዕ ነበር። ዓርብ እንደ ልማዴ ወለወልኩት። ምልክቷ እንደማትመለስ አላሰብኩም።

ከሥዕሉ ላይ አንድ ነገር ግን በአካል አለ። ያ ክብ ገንዳ። ከግራናይት የተሠራ የጥንት ሮማውያን ዕቃ ነው፤ ካምፖ ቫቺኖ ላይ ከብት ሲጠጣበት ኖሮ በ1818 ወደ ኲሪናሌ አደባባይ ተወሰደ። አሁን ከፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ነው ያለው፣ ከሁለቱ የፈረስ ሐውልቶችና ከመሃላቸው ከቆመው ድንጋይ ሥር። ውሃ ይወርድበታል። ቱሪስቱ ፈረሶቹን ነው የሚያነሳው።

ባለፈው ሐሙስ ሄድኩ። ቡናዬን በሞካዋ አፍልቼ በትንሽ ቴርሞስ ይዤ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የገንዳው ከንፈር አንድ በኩል ለስልሶ ታየኝ፤ ከብት አንገቱን የሚያስደግፍበት ከፍታ ነው። ቡናው እስኪበርድ አየሁት። ከዚያ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ዛሬ የማን ተራ ነው?» አልኩ። የከብት ጠባቂው ተራ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እግሩን አሞታል። አንዷ ላም አልጠጣም ብላዋለች፤ እሱ ውሃውን በእጁ እያንቦጫረቀ ይጠብቃታል።